ጥምጣም የጠመጠመው ጭላዳ

የፊደል መምህሩ የኔታ ክንዱ በዶሮ ጩኸት ከኮሶዬ ተነስተው ወደ ጎንደር ሲወርዱ፥ ከተማው ሊቀርባቸው ጥቂት ሲቀር ዝናብ ያዛቸው። ዘመኑ ጣሊያን ጎንደርን ይዞ፥ መንገዱ ሁሉ በማኪና ጩኸት የታወከበት ጊዜ ነው። የኔታ በብብታቸው የፊደል ገበታ፥ በእጃቸው አለንጋ ይዘዋል። ገበታና አለንጋ ምን አገናኛቸው የሚል ቢኖር፥ እሳቸው ዘንድ ሁለቱ ተለያይተው አያውቁም ነበርና አይድነቀው።

የሚሄዱት የልጅ ልጃቸውን እናኑን ወደ ኮሶዬ ለማምጣት ነው። የእናኑ እናት አየለች፥ የየኔታ ልጅ፥ ባሏ ሞቶባት ጎንደር ላይ ጥጥ እየፈተለች ትኖራለች። እናኑ ጣሊያን ለአገሬው ልጆች ከከፈተው ትምህርት ቤት ገብታ፥ ፉርኖ ዳቦ እየበላች፥ ስለ አንዲት ተንኮለኛ ድመት የተጻፈ ባለ ሥዕል መጽሐፍ በባዕድ ቋንቋ እያነበበች ትንከተከታለች የሚል ወሬ ደርሷቸዋል። ከፊደል ግን ሀ ሁ እንኳ አትለይም። ይህን ከሰሙ ወዲህ እህል አልወርድ ብሏቸዋል።

ዝናቡን ሽሽት ከመንገድ ዳር ካለች ምግብ ቤት ቢጠጉ፥ ቦርሳ ያንጠለጠለ ጎልማሳ ብድግ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

«የኔታ፥ አላወቁኝም? ፈጠነ ነኝ። ኮሶዬ እርስዎ ዘንድ ፊደል ቆጥሬ የጠፋሁት።»

«የካሴ ልጅ? ጀርባህን ሳልጨርሰው ያመለጥኸኝ» አሉ፥ ቀልድ ይሁን ቁጣ ባልለየ ድምፅ። «ከኔ ሸሽተህስ ምን ሆንህ?»

«ጎንደር ወርጄ ተማርሁ። አሁን ነጋዴ ዘንድ ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራ ስፈታ ደግሞ ለልጆች መጽሐፍ እጽፋለሁ።»

«ሸጋ ነው። ድርሳን ነው ወይስ ገድል?»

«የአንድ ጭላዳ ዝንጀሮ ተንኮል ነው፥ የኔታ።»

የኔታ አማተቡ። «ምነው ልጄ፥ ፊደሉ ምን በደለህ? ዳዊት በተጻፈበት ፊደል ዝንጀሮ ትጽፍበታለህ?»

«ዝንጀሮንስ የፈጠረው እግዚአብሔር አይደለም?»

«እባብንም ፈጥሯል፤ ቤተ መቅደስ ግን አላስገባነውም።»

የኔታን በነገር የሚረታ ገና አልተወለደም ይባል ነበር። ዳሩ ግን ነገር መርታት ሌላ፥ እውነት መያዝ ሌላ ነው፤ የኔታም ይህን ለማወቅ እስከ ሽበት ቆዩ።

የመጡበትን ጉዳይ፥ የእናኑን ነገር ካወጉት በኋላ ፈጠነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አላቸው።

«የኔታ፥ ካልተቆጡኝ አንድ ነገር ልናገር። እርስዎ ዘንድ መልእክተ ዮሐንስን ስንማር አንዱን መጽሐፍ ለአራት ከበን ነበር። የኔ ቦታ በራስጌው በኩል ስለ ነበር ፊደሉን ሁሉ ተገልብጦ ነው የለመድሁት። ጎንደር መጥቼ መጽሐፍ ቢሰጡኝ ዘቅዝቄ ይዤ ማንበብ ጀመርሁ። ተማሪው በሳቅ ወደቀ።»

የየኔታ ከንፈር ሊፈታ ሲል ሰበሰቡት። «ዘቅዝቀህም ቢሆን አንብበሃል። ይህም የኔ ሙያ ነው።»

«ማንበቡንስ አነበብሁ፤ ያነበብሁትን ግን አላውቀውም። ግዕዙን እንደ ዜማ በጆሮዬ ነው የያዝሁት። ልጅ ያልገባውን እየደገመ፥ በሳተ ቁጥር እየተገረፈ ሲያድግ፥ ፊደል ባየ ጊዜ ጀርባው ይሸማቀቃል። ይህችን ጣሊያን አውቋታል። አገሩን በጠመንጃ ያዘው፤ ልጆቹን ግን በሳቅ ነው የወሰዳቸው። እናኑን ጎትተው ቢያመጧት እግሯ ይመጣ ይሆናል፤ ልቧ ግን አይመጣም።»

«ሰሎሞን በትሩን የሚከለክል ልጁን ይጠላል ብሏል።»

«አገሬው ደግሞ ልጅ ሲወዱ ከነንፍጡ ይላል። ከነንፍጡ ከሆነ፥ ከነሳቁ ቢሆን ምን ይጎዳል፥ የኔታ?»

የኔታ እጃቸውን ዘረጉ። «እስቲ አምጣው ያንን ጉድህን።»

ፈጠነ ከቦርሳው በክር የተሰፋ ትንሽ መጽሐፍ አውጥቶ ሰጣቸው። ፊደሉ ጉልህ ነው፤ በየገጹ ደረቱ ቀላ ያለ፥ ጎፈሬው የተንዠረገገ ጭላዳ ተሥሏል። የኔታ ዓይናቸውን አጥብበው ማንበብ ጀመሩ።

«ጭላዳ መጣ። መምሬ ተኝተዋል። ጥምጣም አየ። ጥምጣም ወሰደ። ጠመጠመ። ጭላዳ መምሬ ሆነ። ሀ በሉ አለ። ዝንጀሮ ሁሉ ዋ አለ።»

ገጹን ሳይገልጡ ቆዩ። ጥምጣሙን አውቀውታል፤ የራሳቸው ነበር። ፈጠነ ተማሪያቸው ሳለ፥ በጾም ወራት፥ ኮሶዬ ገደል አፋፍ ላይ ልጆቹን ሰብስበው ሲያስቆጥሩ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋቸው። አንድ ጭላዳ መጥቶ ጥምጣማቸውን ከራሳቸው ላይ መንትፎ ራሱ ላይ ቢያደርገው ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። የኔታ ባንነው ሁሉንም ገረፉ። አብዝተው የገረፉት ግን ከወንዶቹ መካከል ብቻዋን የምትማረውን የገዛ ልጃቸውን አየለችን ነው፤ «ልጄ ሆነሽ ትስቂብኛለሽ?» ብለው። ከዚያ ቀን ጀምሮም ፊደል ከልክለው እንዝርት አስያዟት።

«ይህ እኔ ነኝ» አሉ።

«አዎን፥ የኔታ። ስም አልጠራሁም።»

«ልትበቀለኝ ነው የጻፍኸው?»

«የለም። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ስቄ ስለማላውቅ ነው። ግን አንድ ነገር ያንገበግበኛል። የተገረፍነው ሁላችን ነን፤ ፊደል የተከለከለች አየለች ብቻ ናት። ከሁላችን በላይ ታውቅ ነበር፤ አቡጊዳን ጨርሳ ነበር። ያኔ ባትከለከል ኖሮ ዛሬ እናኑን ቤቷ አስቀምጣ ታስተምራት ነበር።»

የኔታ መጽሐፉን ከጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ሰው ሲገሥጽ የኖረ ሰው ራሱን መገሠጽ ሲደርስበት አንደበቱ ይከብደዋል።

«እኔው ነኛ፥ ልጅቱን ለጣሊያን የሰጠኋት» አሉ በመጨረሻ።

ዝናቡ ሲያባራ ተነሱ። ፈጠነ አለንጋውን ከጥጉ አንስቶ ሊያቀብላቸው ቢል «ተወው» አሉትና መጽሐፉን ይዘው ሄዱ።

አየለች ደጅ ላይ ስትፈትል አገኟት። እናኑ አያቷን እንዳየች ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገች። የኔታ ምንም ሳይሏት በርጩማ ላይ ተቀመጡና መጽሐፉን ገልጠው፥ ለቅዳሴ በሚያወጡት ድምፅ ያንን የጭላዳ ተንኮል ያነቡ ጀመር። «ዋ» የሚለው ላይ ሲደርሱ እንደ ዝንጀሮ ጮኹ። ልጅቱ መጀመሪያ ዓይኗን፥ ቀጥሎ ራሷን አወጣች። ከዚያ ተንከተከተች።

«እንደገና፥ አያ» አለች፤ ሥዕሉንም ነክታ «ጭላዳ የሚለው የቱ ነው?» ብላ ጠየቀች።

የኔታ በጣታቸው አሳዩዋት። ወደ ልጃቸውም ዞረው እንዲህ አሉ።

«አየለች፥ እናኑን ልወስድብሽ ነበር የመጣሁት፤ አሁን ግን እዚሁ አንቺ ዘንድ እየመጣሁ አስተምራታለሁ። የሰው ቋንቋ ብትማርም አልከለክላት፤ ብቻ ቀድማ በራሷ ቋንቋ ትሳቅ። በገባት ነገር ፊደል የለየች ልጅ ዳዊቱንም ኋላ ትደርስበታለች። ሳትገረፍ የተማረች ያልገባትን ደፍራ ትጠይቃለች፤ ነገ ደግሞ የወለደችውን ታስተምራለች። የኮሶዬ ልጆችም በዚሁ ይጀምራሉ፤ ፈጠነን ሌላ እንዲጽፍልኝ እለምነዋለሁ።» ከጎናቸው ቦታ አሳይተዋትም «አንቺም ቅረቢ ልጄ። አቡጊዳን እንደ ጨረስሽ ነው የተውነው» አሏት።

አየለች እንዝርቷን አላስቀመጠችም። «እኔንስ ይተዉኝ፥ አባባ። የኔ አልፏል። ለሷ ያንብቡላት።»

አነበቡ። ጭላዳው ጥምጣሙን ሲመነትፍ እናኑ እንደገና በሳቅ ፈረሰች። የአየለችም ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ሳቁ ግን ሳይወጣ አፏን በነጠላዋ ከድና የአባቷን እጅ ሰረቅ አድርጋ አየች። የኔታ አለንጋ ይዘው እንደ ሆነ ማየቷ መሆኑ ገባቸው፤ ባዶ እጃቸውንም ዘርግተው አሳዩዋት።

«ሳቂ፥ ልጄ» አሏት።

አየለች እሺ አለች፤ ሳቁ ግን አልመጣላትም።