ጥራቱን ቀንስልኝ

ሐዋሳ ባህል አዳራሽ አካባቢ የቪዲዮ ቤት ሳለኝ ነው። ደንበኛ ሁሉ «ጥራቱን ጨምርልኝ» ይላል፤ ሰርጓን የቀረጽኩላት ሙሽራ አባት ጋሽ ደምሴ ግን በሩን ገጠም አድርገው «ጥራቱን ቀንስልኝ» አሉኝ። ለካ በምርጫው ግርግር ፖሊስ የሚፈልገው ወንድ ልጃቸው ተደብቆ መጥቶ እህቱን ሲስም ቀርጬዋለሁ! የሰርግ ዲቪዲ ደግሞ ሰፈሩን ሙሉ ይዞራል።

«ልቁረጠው?» አልኳቸው።

«እናቱስ በምን ታየዋለች? እሷ በአንገቱም ትለየዋለች።»

ቢትሬቱን፣ የምስሉን ጥራት የሚወስነውን ቁጥር፣ ዝቅ ባደረግኩ መጠን ፊቶቹ ካሬ ካሬ እየሆኑ ሄዱ። እሳቸው ዲስኩን ይዘው እንደወጡ አንድ የማላውቀው ኮት የለበሰ ሰው ገብቶ የዚያኑ ሰርግ ኮፒ ጠየቀኝ። ጥራቱን የቀነስኩትን ከፈትኩለት። አየ፣ አየና «ምነው ደበዘዘ?» አለኝ።

«ባለሰርጎቹ ሙሉውን በአንድ ዲስክ አድርግልን ስላሉኝ ነው» አልኩት።

ፈገግ አለ። «ይሁን። ዋናውን ካሴት ስጠኝ።»

የልጁ ፊት ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ካሴት ጠረጴዛው ላይ፣ በሁለታችን መሀል ነበር።