በወንጪ አቀበት ላይ ስለተገኘው ዳማ ፈረስ የወ/ሮ ዘርፈሽ ዘገየ ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ዘርፈሽ ዘገየ
ዕድሜ፦ 59
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ የቀድሞ መዝገብ ቤት ሠራተኛ
አድራሻ፦ አምቦ ከተማ
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ጊዜ፦ ወንጪ፣ ቅዳሜ ጥር 16 ቀን 2001 ዓ.ም. ከቀኑ 10፡20
ምስክሯ ኦሮምኛ የሚሰሙ ቢሆንም በአማርኛ ለመናገር ስለመረጡ ቃላቸው በአማርኛ ተጽፏል።

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመዘገበው ነው። ከባለቤቴ ከመምህር ጋሮማ ዳዲ ጋር በትዳር ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረናል። እሱ ጂኦግራፊ ሲያስተምር የወንጪን ሐይቅ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ይስል ነበር፤ ሐይቁን ግን በዓይኑ አይቶት አያውቅም ነበር። ሁለታችንም ጡረታ ስለወጣን በዛሬው ዕለት ከጠዋቱ 1፡00 ሰዓት ከአምቦ በሚኒባስ ተሳፍረን 3፡15 ላይ ወንጪ ደረስን።

ወደ ሐይቁ ለመውረድ ሁለት ፈረስ የተከራየነው ከጂራ ነው። ጂራ ዕድሜው ሠላሳ አምስት የሚሆን የሁለት ልጆች አባት ሲሆን ከዚህ በፊት አላውቀውም። ለእኔ ነጭ ባዝራ፣ ለባለቤቴ ዳማ ፈረስ ሰጠን። ቁልቁለቱን በሰላም ወርደን በጀልባ ወደ ደሴቱ ተሻገርን። ባለቤቴ የውኃውን ጥልቀት፣ የእሳተ ገሞራውን ዕድሜ ለጀልባ ቀዛፊው ሲያስረዳ ዋለ። ቀዛፊው በትሕትና ሰማው። ከቤት የቋጠርነውን ምሳ ዳር ላይ በልተን ጫማችንን አውልቀን እግራችንን ውኃ ውስጥ ነከርን። ከሠርጋችን ወዲህ እንዲህ ስንስቅ ትዝ አይለኝም።

ከቀኑ 8፡10 ላይ አቀበቱን ጀመርን። ጂራ የባለቤቴን ፈረስ ገመድ ይዞ በእግሩ ይሄዳል፤ እኔ ከኋላ ነኝ። ግማሽ መንገድ እንደደረስን፣ ከመንገዱ በታች ካለ ግቢ አንዲት ሴት ብድግ ብለው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ኦብሳ! ያ ኦብሳ!» ብለው ሲጣሩ ሰማሁ። ኦብሳ በኦሮምኛ ትዕግሥት ማለት ነው። ዳማው ፈረስ ግን ምንም አልታገሠም። ጆሮውን አቁሞ ዞረና ገመዱን ከጂራ እጅ አስለቅቆ ባለቤቴን እንደጫነ የታጨደውን የገብስ ማሳ አቋርጦ ቁልቁል ጋለበ። ባለቤቴ ጋማውን በሁለት እጁ ጨብጦ «ዘርፌ! ዘርፌ!» ይላል። እኔ ምን ላድርግለት? ባዝራዬ ሣር ትግጣለች።

ፈረሱ ሴትዮዋ ዘንድ ሲደርስ ቆሞ ራሱን ትከሻቸው ላይ ጣለ። እሳቸውም አንገቱን አቅፈው አለቀሱ። ፈረሱ ላይ ሰው መኖሩን ልብ አላሉም። ባለቤቴ ቆቡን አስተካክሎ ከላይ «አካም ኦልተን?» ብሎ ሰላም ሲላቸው ነው ቀና ያሉት። ስማቸው ወ/ሮ ወርቅቱ ይባላል፤ የጎጆ ከተማ ሰው ናቸው፤ እዚህ የመጡት የተዳረች ልጃቸው ወልዳ ለመጠየቅ ነው። ፈረሱ ባለፈው ሰኔ ከደጃቸው እንደተሰረቀና እናቱ ሞታበት በገብስ አጥሚት ያሳደጉት እሳቸው እንደሆኑ ነገሩን።

በዚህ ጊዜ ሰው ተሰበሰበ፤ ከመካከሉ «ሌባ!» የሚል ድምፅ ወጣ፤ አንዱም ጂራን በኮቱ ያዘው። ጂራ ፈረሱን በነሐሴ ወር ከገበያ እንደገዛው ተናግሮ ከኪሱ የሽያጭ ወረቀት አወጣ። ወረቀቱን ተቀብዬ አነበብሁት። የሻጭ ስም ተጽፎበታል፤ ማኅተሙ ግን የየት እንደሆነ አይነበብም። ሃያ ስምንት ዓመት ማኅተም ሳነብ የኖርሁ ነኝ።

አሁን የምናገረው በተለይ እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ። ወ/ሮ ወርቅቱ ኮርቻው ከመነሣቱ በፊት፣ ባለቤቴም ከፈረሱ ሳይወርድ፣ «ከኮርቻው ሥር በግራ በኩል መዳፍ የሚያህል ነጭ ጠጉር አለው፤ ጭነት አቁስሎት የዳነበት ነው» ብለዋል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁሉም ሰው ወደ ጂራ ዞረ። ፈረሱን በየጠዋቱ የሚጭነው እሱ ስለሆነ ምልክቱ መኖር አለመኖሩን ያውቃል። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ። የቤቱ እንጀራ በዚህ ፈረስ ላይ ነው። ሆኖም «አለ። እውነታቸውን ነው» አለ። ኮርቻውን ያነሣውም ራሱ ነው፤ ምልክቱም በተባለው ቦታ ተገኘ።

ወ/ሮ ወርቅቱ የፈረሱን ጎን በእጃቸው ዳብሰው «እኔ ቤት ከነበረው ወፍሯል። ሌባ የሰው ከብት እንዲህ አያበላም፤ ልጄን ልቀቁት» አሉ። ኮቱን የያዘው ሰውዬም ለቀቀው። ጂራ ወደ ፖሊስ እንሂድ ያለው ማንም ሳያስገድደው ነው።

ባለቤቴ የቀረውን አቀበት በእግሩ ሊወጣ ሲነሣ ወ/ሮ ወርቅቱ ተቆጡ። «መምህር፣ ፈረሱ የእኔ ከሆነ እርስዎ እንግዳዬ ነዎት። ፈረሱ ላይ ይውጡ!» ብለው አስገድደው አስቀመጡት። በዚህ ሁኔታ 9፡40 ላይ ጣቢያ ደረስን።

ቃሌን የሰጠሁት ማንም ጠርቶኝ ሳይሆን ፈረሱ የወ/ሮ ወርቅቱ መሆኑን፣ ጂራም ሌባ አለመሆኑን ስላየሁ ነው። የሚፈለገው ወረቀቱ ላይ ስሙ ያለው ሻጭ ነው። ይህን በምናገርበት ሰዓት ወ/ሮ ወርቅቱና ጂራ ውጭ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ከአንድ እፍኝ ቆሎ እየቆረጠሙ ነው። ሕግ ሳይወስን ገመዱን አልይዝም፣ አንተ ያዝ፣ እርስዎ ይያዙ ስለተባባሉ ፈረሱን ይዞ የቆመው ባለቤቴ ነው። ወደ አምቦ የሚሄደው የመጨረሻ መኪና 11፡00 ሰዓት ላይ ስለሚነሣ፣ ፖሊስ ፈረሱን ተረክቦ ባለቤቴን እንዲመልስልኝ አመለክታለሁ።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ፤ ያየሁትንና የሰማሁትን እንጂ ከሰው የተቀበልሁት አልጨመርሁበትም። እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ዘርፈሽ ዘገየ
ቃሉን የተቀበለው፦ ም/ሳጅን ዓብዲሳ ኡርጌ (ፊርማ)
ማስታወሻ፦ ፈረሱን 10፡50 ላይ ከመምህር ጋሮማ ዳዲ እጅ ፖሊስ ተረክቧል።