ወይዘሮ ቆንጅት የደወሉበት ጉዳይ

ባለፈው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ፒያሳ አንድ ካፌ ተቀምጬ ሳለ አቶ ሉልሰገድ ገቡ። ቀድሞ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ቴዎድሮስ አደባባይ ለመድረስ ግማሽ ቀን የሚፈጅባቸው ሰው ነበሩ፤ ሰላም ሳይሉት የሚያልፉት የለምና። አብራቸው የወንድማቸው ልጅ ሔርሜላ ነበረች፤ ስድስት ኪሎ ታስተምራለች። ጠርተውኝ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።

አስተናጋጇ ጎንበስ ብላ «እንዴት አደሩ አባባ? ጤናዎ...» ስትል፣

«በቃ። ማኪያቶ። ጠቆር ይበል» አሏት።

ልጅቷ ትዕዛዙን ይዛ ሄደች። እኚህ እኔ የማውቃቸው አቶ ሉልሰገድ ናቸው እንዴ፣ አልኩ በሆዴ።

«አጎቴ፣ ሮቦቷን እንደሚያዟት እኮ ነው ያዘዟት» አለች ሔርሜላ።

ሰፈራቸው ፈርሶ ጎረቤቱ ሲበተን፣ ልጃቸው ብቸኝነት እንዳይጎዳቸው ብላ በአማርኛ የምታወራ ትንሽ ሮቦት ገዝታላቸዋለች።

«ሮቦቷ ምን አጠፋች? የጠየቅኋትን ትመልሳለች፤ በቃ ስላት ትተዋለች። አታኮርፍም። ቆንጅት ግን ይኸው ከፋሲካ ወዲህ ድምጿን አላሰማችኝም።»

ወይዘሮ ቆንጅት አርባ ዓመት በአንድ ግቢ የኖሩ ጎረቤታቸው ናቸው። አሁን ከተማ ዳር ኮንዶሚኒየም ገብተዋል።

«ምን ብለዋቸው ነው?» አለች ሔርሜላ።

«ምንም። ደውላ ‹ወገብህስ፣ ልጅህስ፣ ብርዱስ› እያለች ስታንዛዛ ወደ ጉዳዩ ግቢ አልኳት።»

«ቤትዎ ሮቦቷን ቀኑን ሙሉ የሚሏት እሱን ነው፤ አፍዎ ለምዶታል። ለማሽኗ አዝኜ አይደለም፣ እሷን አይከፋትም። ከማይከፋው ጋር ሲውሉ ግን የሚከፋው ሰው መኖሩን ይረሳሉ።»

«ማሽን ጨዋነቴን አይቀማኝም።»

«ታዲያ ቅድም ያቺን ልጅ ለምን አቋረጧት? ደግሞስ የእኛ ሰው የከበደውን ነገር መቼ አስቀድሞ ያወጣል? ወገቡን፣ ልጁን፣ ዝናቡን ጠይቆ ጠይቆ ነው። እትዬ ቆንጅት ምን ሊሉዎት እንደነበር አያውቁም።»

አቶ ሉልሰገድ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ግድግዳችን አንድ ነበር» አሉ። «መብራት ሳጠፋ በወዲያ በኩል ‹ሉሌ፣ ደህና እደር› ትለኛለች። ሮቦቷም ደህና እደር ትላለች። ለእሷ ግን አንድም ቀን መልሼ አላውቅም።»

ስልካቸውን አወጡ። ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን ከፍ ያደርጉታል፤ ሁላችንም ሰማን።

«ቆንጅዬ፣ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ውሃ ይመጣል እዚያ?» ሳይቸኩሉ ጠየቁ፣ ተጠየቁ። ማኪያቶው መጥቶ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ «ያን ዕለት ባለጌ ሆኜብሻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ጉዳይሽ ምን ነበር?» አሉ።

«ምን ጉዳይ አለኝ ሉሌ? እዚህ እንዴት አደርሽ የሚለኝ ሰው የለም። እንድትጠይቀኝ ብዬ ነው።»

አቶ ሉልሰገድ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። «እውነትሽን ነው ልጄ» አሏት ሔርሜላን። «ከእንግዲህ ማሽኗንም ቢሆን እባክሽ እላታለሁ፤ ለእኔው አፍ ይበጃል።»

እኔም እላለሁ፦ ማሽኗ ዜና ታንብብ፣ መድኃኒት ታስታውስ፤ ድካም ታቀላለች። ሰላምታን ለሰው ያላሳጠረ ግን ወዳጁ አይጠፋበትም፤ ወዳጁም የልቡን ያወጣለታል።

አስተናጋጇ ሒሳብ ልትቀበል ስትመጣ እኩለ ቀን አልፎ ነበር። አቶ ሉልሰገድ ከወንበራቸው ብድግ አሉላት።

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ደህና አድሬያለሁ» አሏት። «አንቺስ እንዴት አደርሽ?»