ለልብስ ሰፊዋ የሚሆን ውሻ

ዳቦ ልገዛ ከእንስሳት ክሊኒኬ ወጥቼ መንገዱን ስሻገር፣ የብረት በርና መስኮት የሚሠራው የሰፈራችን በያጅ ጥጃ የሚያክል ጥቁር ውሻ በገመድ ይዞ ሲመጣ አገኘሁት። ይዞ ማለቴ ለክብሩ ብዬ ነው እንጂ ጎታቹ ውሻው ነበር። እኔን ሲያይ አንዴ ቢጮህ የዳቦ ቤቱ መስታወት ነዘረ።

«ዶክተር፣ እንኳን አገኘሁዎት» አለ በያጁ እያለከለከ። «ለአክስቴ የገዛሁት ነው። ጤንነቱን ይዩልኝ።»

«ለልብስ ሰፊዋ አክስትህ?»

«አዎ። ባለፈው ሳምንት በጠራራ ፀሐይ ሌባ ገብቶ፣ እሳቸው የስፌት መኪናቸው ላይ ቁጭ ብለው እየሰፉ፣ ከኋላቸው ሁለት ጣቃ ጨርቅ ተሸክሞ ወጣ። እኔም አራት ውሾች አስጩኼ ድምፁ የበረታውን መረጥኩ። ስሙን ነጎድጓድ ብዬዋለሁ።»

ሚስቴ «ለውሻ ካለህ ትዕግሥት ሩቡን ለሰው ብትሰጥ ምን አለበት» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

«አንተ ሰው፣ ለሰው ጫማ ስትገዛ እግሩን አትለካም?» አልኩት። «እኚህ ሴት ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ይህ አውሬ አንዴ ቢጎትታቸው ዳሌያቸው ነው የሚሰበረው።»

«ደጅ በሰንሰለት ይታሰራል እንጂ ማን ያዞረዋል ብለው ነው? የውሻ ሥራው መጮህ ነው፣ ዶክተር። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባል የለ? እሱም ካላዳናቸው ቤቱን ዘግተው እኔ ጋ ይገባሉ። ቁርጡን ነግሬያቸዋለሁ።»

ክርክሩ መንገድ ላይ አላልቅ ሲለን ዳቦውን ትቼ አብሬው ሄድኩ።

የአክስቱ ቤት ሁለት ክፍል ነው። በፊተኛው ልብስ ይሰፉበታል፣ በኋለኛው ይተኙበታል። ባላቸው ጡረታ የወጡ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ከዓመት በፊት በዚያ በኋለኛው ክፍል ታመው አረፉ። ስንደርስ ሴትዮዋ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ግራ እጃቸውን መኪናው ላይ አሳርፈው ይሰፋሉ። ነጎድጓድ ደፉ ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ጠረጴዛው ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ ተንቀጠቀጠ። እሳቸው ግን ዞር አላሉም። ቆየት ብለው ቀና ሲሉ ከፊታቸው በቆመው ትልቅ መስታወት ውስጥ አዩንና ፈገግ አሉ።

«ሰምቻለሁ፣ ሰምቻለሁ። ይህችን ጠርዝ ልጨርስ ብዬ ነው» አሉ።

በያጁ ሰንሰለት ሊያመጣ ውሻውን ይዞ ወደ ሱቁ ተመለሰ። እኔም በርጩማ ስቤ በእሳቸውና በመስታወቱ መካከል ተቀመጥኩ። አጎንብሼ ጨርቁን እያየሁ፣ «መኪናዋ ስንት ዓመቷ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። መልስ የለም። ቀና ብዬ ያንኑ ብጠይቅ ወዲያው «አርባ» አሉኝ።

«እትዬ፣ ጆሮዎ ከከዳዎት ስንት ጊዜው ነው?»

ፊታቸው ተለወጠ። «እርስዎ የውሻ ሐኪም ነዎት። የእኔን ጆሮ ማን አሳየዎት?»

«መስታወቱ ነው ያሳበቀብዎት። መስታወት ልብስ ለሚለካ ሰው ነው የሚቆመው። የእርስዎ ግን በሩን ይጠብቃል።»

መኪናውን አቆሙ። ጨርቁን ሁለት ጊዜ አጠፉት፣ ፈቱት፣ እንደገና አጠፉት።

«ለእህቴ ልጅ እንዳይነግሩብኝ» አሉ። «ልጁ ደግ ነው፤ የሚያስፈራኝም ደግነቱ ነው። የሰማ ቀን መኪናዬን ሸጦ ቤቱ ጥግ ላይ ያስቀምጠኛል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ በእጄ የበላሁ ሰው ነኝ።»

«ሕመሙን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ሰምተዋል። ሰፈሩስ ምን እንደሚል ያውቃሉ? ባሏ ከሞተ ወዲህ ኮራች፣ ከኋላ ሰላም ስንላት አትመልስም ይላል።»

«ኮራች?» ሳቅ ብለው ነበር፤ ሳቃቸው ግን አልቆየም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው እንዲህ ነው ለካ። የእኔስ ከባዳም ባሰ።»

ከዚያ ያላሰብኩትን ነገሩኝ። ሲናገሩ አይናቸውን ከከንፈሬ ነቅለው እጃቸውን ነበር የሚያዩት።

«ሰውዬው ሲደክም ትንሽ ደወል ሰጠሁት፤ ስትፈልገኝ አቃጭልልኝ ብዬ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የሙሽራ ቀሚስ ይዤ ነበር። ሻይ ይዤለት ስገባ አልቆ ነው ያገኘሁት። ደወሉ እጁ ውስጥ ነበር። ለሰው ሁሉ ተኝቶ ሞተ አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤቴ ልታጽናናኝ መጣችና፣ ‹ደወሉን ሲያቃጭል ሲያቃጭል ሰምቼ፣ አንቺ አለሽ ብዬ ነው ያልመጣሁት› አለችኝ። ልብ ይበሉ። እሷ ግድግዳ ተሻግሮ ሰምታዋለች። እኔ አምስት እርምጃ ላይ ሆኜ አልሰማሁትም።»

ዞር ስል በያጁ ሰንሰለቱን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። መስታወቱን ከልዬው ስለነበር እሳቸው አላዩትም። መጥቶ ፊት ለፊታቸው ተንበረከከ።

«አክስቴ፣ እኔ ስንት ጊዜ ከደጅ ጠርቼ ናቁኝ ብዬ ተቀይሜ ሄድኩ» አለ። እንባው ይወርድ ነበር። ቆየና አይኑን ጠርጎ ወደ እኔ ዞረ። «አሁንማ ለየለት፣ ዶክተር። ዛሬውኑ እኔ ቤት ይገባሉ።»

«ገብተውስ ምን ይሠራሉ?» አልኩት። «ጆሯቸው ነው የደከመው፤ እጃቸው አልደከመም። የጎደላቸው የሚሰማላቸው ነው። አንተ ግን የሚጮህባቸውን ነው ያመጣህላቸው።»

ክሊኒኬ ውስጥ አንዲት ቡናማ ውሻ እንዳለች ነገርኳቸው። ጌታዋ ሰዓት ጠጋኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ በማጉያ መስታወት ላይ ተደፍቶ ስለሚውል፣ ደንበኛ ሲመጣ አፍንጫዋን ጉልበቱ ላይ እያሳረፈች ታሳውቀዋለች። እሱ ሲሞት ልጆቹ እኔ ጋ ጣሏት። አራት ገዢ አይቷት አራቱም ትቷት ሄደ፤ አትጮህምና።

«የማይጮህ ውሻ ጠባቂ ሊባል ነው?» አለ በያጁ።

«ነጎድጓድ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ማን ሰማው?»

በያጁ አቀረቀረ። አክስቱ ግን ገና አልተሸነፉም ነበር።

«ውሻ ቦታው ደጅ ነው» አሉ። «ፀጉሩስ? የሰው ልብስ እኮ ነው የምሰፋው።»

«ስድስት ዓመቷ ነው፤ የቡችላ ሩጫ የለባትም። ጠዋት ጠዋት ትበጠራለች። መኝታዋን ከመኪናዎ ሥር ያድርጉላት፤ ደጅ የታሰረ ውሻ ጉልበት አይነካም።»

ጨርቁን እንደገና አጠፉት። ኋላ በቀስታ፣ «ለባሌ ያልደረስኩ ሰው፣ አሁን ውሻ አምጥቼ ለሌባ ልደርስ ነው?» አሉ። ለካ ክርክሩ ሁሉ ይህ ነበር።

«እትዬ፣ ሰምተው አልቀሩም፤ ሳይሰሙ ነው የቀሩት» አልኳቸው። «ያን ዕለት የሚነግርዎት አልነበረም። ነገ እሳት ቢነሳ፣ ይህ ልጅ ታሞ በር ቢያንኳኳ፣ አሁንም የሚነግርዎት የለም። ለባልዎ የሆነው ለእሱ እንዲደገም ይፈቅዳሉ?»

የእህታቸውን ልጅ ፊት ብዙ አዩት።

«ለአንድ ወር ትምጣ» አሉ በመጨረሻ። በያጁም፣ «በወሩ ካልሆነ ግን እኔ ጋ ነው» አለ።

ወሩ ካለፈ ቆየ፤ ሴትዮዋ ዛሬም ቤታቸው ናቸው፣ ውሻዋም ከመኪናቸው ሥር ናት። የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወስደናቸው ዘግይታችኋል አለን፤ የሰጣቸው መሣሪያም ጥቂት ነው የረዳቸው። መስታወቱ ወደ ልብስ መለኪያው ጥግ ተመልሷል። በሩ ላይ በገዛ እጃቸው «ጆሮዬ አይሰማም፣ ደወሉን ደውሉ» ብለው ጽፈው ለጥፈዋል፤ ሰፈሩም ኮራች ማለቱን ትቶ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ሰላም ይላቸዋል። ነጎድጓድ የበያጁን ብረት ይጠብቃል፤ እዚያ ጩኸቱን የሚሰማ ሰው አለ። እንግዲህ ለእናቱ ወይም ለአጎቱ ውሻ የሚፈልግ ሰው ሁሉ፣ ውሻውን ከማየቱ በፊት ሰውየውን ይይ፤ ምን እንደጎደለውም ፊት ለፊቱ ቁጭ ብሎ ይጠይቀው።

ያልነገርኳችሁ የመጀመሪያውን ቀን ነው። ውሻዋን ይዤ ስሄድ ለበሩ ደወል ያስፈልግ ነበርና በያጁ የኤሌክትሪክ ልግዛ አለ። አክስቱ፣ «ደወል አለኝ» ብለው ከመሳቢያቸው በቁራጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ደወል አወጡ። በያጁ በሩ ላይ ሰቀላት፣ እሳቸው መኪናቸው ላይ ተቀመጡ፣ እኔ ከውጭ ደወልኩ። ውሻዋ ከመኪናው ሥር ተነሥታ አፍንጫዋን ጉልበታቸው ላይ አሳረፈች።

ሴትዮዋ ብድግ አሉ። ወደ በሩ ግን አልመጡም። «መጣሁ፣ መጣሁ» እያሉ ወደ ኋለኛው ክፍል ገቡ፤ ውሻዋም ተከትላቸው ገባች። እኔና በያጁ እስኪወጡ ድረስ በሩ ላይ ቆመን ጠበቅናቸው።