በኢንቦክስ የሚያስቡልን ሰው

ነይ፣ ቁጭ በይ የኔ እህት። ያንን ወንበር ተይው፣ ይወዛወዛል፤ እዚህ ከኔ ጎን ነይ። ሻዩ ዛሬ ምን ነክቶታል? ውሃ ውሃ ይላል... እናትሽ ደህና ናቸው? ተመስገን።

የምሳ ክፍሉ እንዲህ ሲሞላ ደስ ይላል፣ ትልቁም ትንሹም አንድ ላይ። ጥጉ ላይ ያለው ጠረጴዛ እንኳ ዛሬ ሰው አለበት... ድምፅሽን ቀንሺ ትይኛለሽ? ለምን? ሰው ማመስገን ከመቼ ወዲህ ነው ነውር የሆነው?

አንድ ሰው አውቃለሁ፣ ትልቅ ሰው፤ ስም ምን ያደርጋል። እንደሳቸው ለሠራተኛ የሚያስብ አለቃ ከየት ይገኛል? በቢሮው ቻት፣ ያውም በኢንቦክስ፣ ለብቻ... «ምሳ በላሽ?» ይላሉ። የወለደኝ አባቴ እንኳ እንዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። «ፎቶሽን ቀይሪው፣ ፈገግ ስትዪ ያምርብሻል።» «ሰማያዊው ቀሚስ የት ሄደ?» በስንት ሥራ መሃል የሰው ቀሚስ ማስታወስ! እኔ ቁልፌን እጄ ላይ ይዤ የምፈልግ ሴትዮ እቀናለሁ እኮ። ለወንዶቹማ አይጽፉም... ወንዶቹ ምሳቸውን ራሳቸው ያስታውሳሉ መሰለኝ።

ታዲያ አንቺ ምን ሆንሽ? ኢንቦክስሽ ድምፅ ባሰማ ቁጥር ስትደነግጪ፣ መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ስታለቅሺ፣ ጭራሽ «ሥራውን ልለቅ ነው» ብለሽ እኔ ክፍል መጣሽ። ስንት ደጅ ጠንተሽ ያገኘሽውን ሥራ! እኔ ደግሞ የኮምፒውተር ጥገና ሰው ነኝ፣ የማውቀው መጠገን ነው። ቻትሽ ላይ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩልሽ። አንቺ ካልፈቀድሽለት ሰው በግል የሚመጣ መልእክት አንቺ ሳታዪው ይመለሳል፤ ላኪውንም በትህትና «የሥራ ጉዳይ ከሆነ እባክዎ በጋራው ገጽ ላይ ይጻፉ» ይለዋል። በቃ። ማንንም አልሰደብኩም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይገባዋል... እሳቸው ግን «ፕሮግራሙ ተበላሸ» ብለው ለኛ ክፍል አመለከቱ። አይፈረድባቸውም፣ ማን እምቢ ብሏቸው ያውቃል? የቤታችንን ደንብ ታውቂያለሽ፤ ብልሽት ያመለከተ ሰው በጠዋቱ ስብሰባ፣ በትልቁ ስክሪን ላይ፣ ራሱ እየነካካ ያሳያል። ደንቡን ያወጡት ማን ይመስሉሻል?... ብቻ ይሁን። አንቺ እንግዳ መቀበያው ጋ ነበርሽ፣ አመለጠሽ። ላፕቶፓቸውን ሰክተው «ይኸው፣ ለዚች ልጅ የምልከው አስቸኳይ የሥራ መልእክት አይደርስም» ብለው ከፈቱት።

እኛም አነበብን። ከላይ እስከ ታች። ቀሚሱንም፣ ፈገግታውንም፣ «ለምን ዝም ትያለሽ? የሙከራ ጊዜሽ እኮ አላለቀም» የምትለዋንም። እውነቴን ነው፣ እሷን ሳነብ ደሜ ፈላ። ዋና ሥራ አስኪያጇ ወደኔ ዞረው «ብልሽቱ የቱ ጋ ነው?» አሉኝ። ምን ልበል? «ፕሮግራሙስ ደህና ነው» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ በሬ ላይ ሰልፍ ነው። «ለኛም ጻፊልን» ይላሉ ሴቶቹ ከየክፍሉ። ያቺ ዝምተኛዋ የሂሳብ ሠራተኛ እንኳ መጥታ እጄን ይዛ አለቀሰች... እሷንም ለካ ስንት ዓመት ሲያስቡላት ኖረዋል! ላፕቶፑ ለምርመራ ተወስዷል አሉ። እኔ የሰው ወሬ አልወድም፤ ብቻ ምሳ ላይ የሚነካኩት ላፕቶፕ ሲጠፋ ትልቅ ሰውም ወጥቶ ከሰው ጋ ይበላል፣ እሱም አንድ ነገር ነው። አንቺ የትም አትሄጂም፤ መልቀቁን ለሚለቅ ሰው ተይለት።

ውይ! ጥጉ ላይ ማነው ሻይ የደፋው? ሶፍት አቀብያቸው... አይ፣ ተቀመጪ፣ ራሳቸው ይጥረጉት።

እኔ እንደሆንኩ ቂም አላውቅም፣ እንዲያውም ልመርቃቸው። ትንሿ ልጃቸው ዘንድሮ ተመርቃ ሥራ ልትጀምር ነው አሉ፤ አንገቷን የደፋች፣ ጨዋ ልጅ ናት። እግዜር መንገዷን ያቅናላት። ገና ከመግባቷ ምሳ በላሽ ወይ የሚላት፣ ቀሚሷን የማይረሳ፣ ልክ እንደ አባቷ ያለ አሳቢ አለቃ ይስጣት።

አሜን በይ እንጂ የኔ እህት... ምነው፣ እዚህ ቤት ለምርቃት አሜን የሚል ሰው ጠፋ?