ወንዝ ዳር የቆመች ጂፕ

(ከሰዓት በኋላ፣ ዶፍ ዝናብ። አዳሙ ምጥ የያዛትን ሚስቱን ስንዱን ከኋላ ወንበር አስተኝቶ፣ ከሞላ ወንዝ ዳር መኪናዋን አቁሞ፣ መኪናዋን ላሻሻጠው ደላላ ለፋንታሁን፣ ለስንዱ ወንድም፣ ስልክ ደውሏል።)

አዳሙ፦ አትቀባጥርብኝ! የጠየቅሁህ አንድ ነገር ነው፤ ይህች መኪና ወንዝ ታሻግራለች ወይስ አታሻግርም?

ፋንታሁን፦ ምን ዓይነት ወንዝ?

አዳሙ፦ የሞላ ወንዝ ነዋ! ግንድ እየገፋ ይወርዳል። ሆስፒታሉ ከማዶ ይታየኛል፤ እህትህ ደግሞ ከኋላዬ ምጥ ላይ ናት።

ፋንታሁን፦ ስንዱ? ወይኔ እህቴን!

አዳሙ፦ በፊተኛው ልጅ ደም ፈሷት ለጥቂት መትረፏን ታውቃለህ። ፈርቻለሁ ፋንታሁን።

ፋንታሁን፦ ቆይ፣ ተረጋጋ። ሌላ መኪና ተሻግሯል?

አዳሙ፦ አሁን አንድ ነጭ ጂፕ ሰንጥቆት አለፈ። የኔም ጂፕ ናት ብዬ ተከትዬው ልገባ ስል ልቤ እምቢ አለኝ።

ፋንታሁን፦ እሱ... እሱ ባለሻንሲ ይሆናል፣ ከሥሩ እንደ ጭነት መኪና የብረት አጽም ያለው። ከትልቆቹ ወገን ነው።

አዳሙ፦ ለኔ ያሻሻጥካትስ? "ትልቅ ጂፕ" አልነበር ያልከኝ?

ፋንታሁን፦ ትልቅ ማለት እኮ... እኛ ደላሎች ከቤት መኪና ከፍ ያለውን ሁሉ ጂፕ ነው የምንለው። ፋብሪካው ግን ርዝመታቸውን እየለካ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ብሎ ይለያቸዋል።

አዳሙ፦ የኔዋ ከየትኛው ናት?

ፋንታሁን፦ መካከለኛ... መካከለኛ በላት።

አዳሙ፦ ገበያ ላይ ነን እንዴ "በላት" የምትለኝ?

ፋንታሁን፦ ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው፤ የምትነዳት አንተ።

አዳሙ፦ አሁን ተረት ነው ያማረህ? ውሃው እየጨመረ ነው። ቅድም ይታየኝ የነበረው ድንጋይ ጠፋ!

ፋንታሁን፦ የመንደሩ ሰው የለም?

አዳሙ፦ አለ። ቃሬዛ ይዘው ዝናብ ላይ ቆመዋል፤ ከላይ ባለው የእግር ድልድይ እናሻግራት ይላሉ። "ጂፕ እያለኝ ሚስቴን በሸክም?" ብዬ መለስኳቸው።

ፋንታሁን፦ ድልድዩ ሩቅ ነው?

አዳሙ፦ ቅርብ ነው፤ ግን በዚህ ዶፍ፣ በዚህ ጭቃ! ቢያዳልጣቸውስ? ይኸው ደግሞ ጮኸች፤ ትሰማለህ?

ፋንታሁን፦ ሰማሁ... እመብርሃን ድረሽላት!

አዳሙ፦ እንግዲያው ቁርጡን ንገረኝ።

ፋንታሁን፦ ቀስ ብለህ፣ ጥግ ጥጉን... ምናልባት...

አዳሙ፦ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል አሉ። አንተም "ምናልባት" እያልክ ልታስወስደን ነው? በቃ፣ ሞተሩን አስነሥቻለሁ።

ፋንታሁን፦ ቆይ! አዳሙ!

አዳሙ፦ አልቆይም፣ እየደከመች ነው። ደላላ ሳይምል አይሸጥም። ትልቅ ናት፣ ታሻግራለች ካልክ "ስንዱ ትሙት" በልና ልግባ።

ፋንታሁን፦ በእህቴ አታስምለኝ!

አዳሙ፦ በላ! ማርሽ አስገብቻለሁ!

ፋንታሁን፦ ምላሴ ይቆረጥ፣ እሱን አልልም! ትንሽ ናት፣ ከትንሾቹም ትንሿ! ከፍ ብላ ታየች እንጂ ውስጧ የቤት መኪና ነው፤ የሚጎትታት የፊት ጎማ ብቻ፣ ውሃው እንደ ቅል ያንሳፍፋታል። አጥፋው አዳሙ፣ አጥፋውና ባለቃሬዛዎቹን ጥራ!