በሕይወት ሳለሁ ቃሬዛ ስለ መጣብኝ

የምስክሩ ስም፦ ኤርሲዶ አኑሎ
ዕድሜ፦ በግምት አርባ
ሥራ፦ የቡና መጋዘን ተሸካሚ
አድራሻ፦ ጅማ ከተማ፣ ጊንጆ
ቀን፦ የካቲት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ከጅማ እስከ ሰኮሩ ሞቶ የተነሣ ሰው ቢፈለግ ከእኔ በቀር አይገኝም። በእርግጥ ጨርሼ አልሞትኩም፤ ልቤ ነው የተንገዳገደው። የማታውን መሠረተ ትምህርት በአንደኝነት ስለጨረስኩ ቃሌን ራሴ እንድጽፍ የፖሊስ ጣቢያው አሥር አለቃ ፈቅደውልኛል።

በጥር ወር አንጀቴ ተጠላልፎ ሆስፒታል ገብቼ ሆዴ እንደ ጆንያ ተከፍቶ ተሰፋ። ሚስትም ልጅም ስለሌለኝ የቀበሌ ቤቴን ቁልፍ ለዳምጤ ሰጠሁት። ዳምጤ ከሆሳዕና በአንድ መኪና ለቡና ለቀማ አብሮኝ የመጣ፣ በትምህርቱም አንድ አግዳሚ ላይ አብሮኝ የሚቀመጥ፣ ወንድሜ የምለው ሰው ነው። ሐኪሙ ከእንዲህ ያለ ቀዶ ጥገና በኋላ ልብ ድንጋጤ እንደማይችል ሲነግሩኝ ዳምጤም ቆሞ ሰምቷል።

ከቀናት በኋላ፣ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ የዕድራችን ሰዎች ነጠላ አዘቅዝቀው፣ ቃሬዛ ይዘው ወደ ተኛሁበት ክፍል ገቡ። አጠገቤ የተኙት ሽማግሌ ያረፉ መስሎኝ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አልኳቸው። የዕድሩ ዳኛ አባ ቲጃኒ ቃሬዛውን ለቀቁት።

"ያ ረቢ! ኤርሲዶ፣ አንተን ልንወስድ እኮ ነው የመጣነው" አሉኝ።

ሞቴን ማን እንዳወራ ስጠይቅ፣ ዳምጤ ለቀበሌው እንዳመለከተ፣ ቤቴም የሟች ወንድም ነው ተብሎ ለእሱ እንደተሰጠ፣ ቀበሌውም ለዕድሩ እንዳስነገረ አስረዱኝ። እንዴት ሳታጣሩ ብላቸው፣ ወንድሜ ሞተ ብሎ ደረቱን ለሚመታ ሰው ማስረጃ አምጣ አይባልም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ነውር ነው። እኔም ብሆን አልጠይቅም ነበር።

ያን ጊዜ ደረቴን አንድ ነገር ጨመደደኝ፤ ትንፋሽ አጠረኝ፤ ላብ አጠመቀኝ። ሲስተር ቆንጂት ኦክስጅን አድርጋልኝ ተረፍኩ። ሐኪሙ የልቤ ጡንቻ በድንጋጤ መድከሙንና ዳግመኛ ጆንያ እንዳልሸከም ነገሩኝ። ቢላዋ ያልገደለኝን እኔን የወንድሜ ወሬ ሊገድለኝ ነበር። ዛሬ የምተኛው አባ ቲጃኒ ቤት ነው፤ ቤቴ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።

ዳምጤ በማግስቱ ሆስፒታል መጥቶ እግሬ ላይ ወድቆ፣ አልቅሶ ይቅርታ ጠይቆኛል።

ከላይ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት ሕግ ይጠይቀኝ ብዬ በአሻራ ሳይሆን በፊደል ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ ኤርሲዶ አኑሎ
ቃሉን የተቀበለው፦ አሥር አለቃ ጎሳዬ ወርቅአገኘሁ

ከፊርማ በኋላ የተጨመረ፦ አሥር አለቃው ቃሌን ሲያነቡልኝ አንድ ነገር አርሜያለሁ። ዳምጤ መጥቶ አለቀሰ ያልኩት ከራሴ የጨመርኩት ነው። አልመጣም። ይመጣል ብዬ እስክወጣ ድረስ በር በሩን ሳይ ነበር።